አንዲት ዲግሪ

በባሕር ዳር ከሐይቁ ዳርቻ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ብትመለከቱ ማዶው አይታያችሁም። ማዶ ግን ጎርጎራ አለች። ዛሬ ያላችሁበትን ቦታ ለማወቅ ስልካችሁን ታወጣላችሁ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት በዚሁ አገር ይህንኑ ጥያቄ የሚመልሰው በቀለበት የሚንጠለጠል ክብ መሣሪያ ነበር፤ ስሙም አስትሮላብ ይባላል።

ፖርቱጋላዊው የጀስዊት ሚስዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ እ.ኤ.አ. በ1624 በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከእርሱ በፊት በአውሮፓ የታተሙ ካርታዎች አገራችንን ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ድረስ እየለጠጡ ያሳዩ ነበር። እርሱ ግን ኬክሮስን በአስትሮላብ እየለካ፣ ጣና ያለበትን ካርታ ሠራ።

መሣሪያው እንዴት ይሠራ ነበር? ሠሪው ናስ ቀጥቅጦ ይዘረጋል፣ በሞረድ ያስተካክላል፣ በኮምፓስ ክብ ያወጣል። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ክቡን ለ360 እኩል ክፍል ከፍሎ እያንዳንዷን መስመር በሹል ብረት በእጁ ይቀርጻል። በመሃሉ የሚዞር ዘንግ ይገጥምና በዘንጉ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ትይዩ አድርጎ ያበጃል። የፀሐይ ብርሃን በሁለቱም ሲያልፍ የዘንጉ ጫፍ የፀሐይን ከፍታ በዲግሪ ያመለክታል።

ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት፣ መስከረም 12 ወይም 13 ቀን፣ በባሕር ዳር ቀትር ላይ ብትለኩ 78 ዲግሪ ተኩል ገደማ ታገኛላችሁ። ከ90 ስትቀንሱት 11 ተኩል ያህል ይቀራል፤ የከተማችን ኬክሮስ ያ ነው።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ አንዲት ዲግሪ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። በምድር ላይ ግን 111 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በቀጥታ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የሠሪው እጅ በአንዲት ዲግሪ ብትስት፣ ባሕር ዳር ሐይቁን ተሻግራ ከጎርጎራም ታልፋለች!

በእንዲህ ያለ ሥራ ከታወቁት አንዱ የኑርንበርጉ ጌዎርግ ሃርትማን (1489–1564) ነው። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። በናስ አስትሮላቦቹ ላይ ስሙንና የሠራበትን ዓመት ይቀርጽ ነበር። ናስ መግዛት ለማይችሉም በወረቀት ላይ እያተመ አዘጋጅቷል።

አልሜዳ የያዘው መሣሪያ ሠሪ ጣናን አላየም፤ ሥራው የት እንደሚደርስም አላወቀም። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ሚስዮናውያኑም ተባረሩ። የፀሐይን ከፍታ የለካ መሣሪያ የሕዝብን ልብ አይለካም። ካርታው ግን በ1660 ፖርቱጋል ውስጥ ታተመ።

ኮሌጅ ሳለሁ፣ የላብራቶሪ ውጤታችን ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ሲል፣ ከጓደኞቼ ጋር ቁጥሩን “አስተካክለን” አስረከብን። ጥሩ ውጤትም አገኘን። ማንም አላወቀም። እኔ ግን ስለ አስትሮላብ ሠሪዎች ባነበብሁ ቁጥር ያቺ ወረቀት ትታወሰኛለች።

በቡድናችሁ ምሳሌ 11፥1ን አንብቡና ተወያዩ፦ ማንም በማያይበት ሥራችሁ ውስጥ “ትንሽ ናት” ብላችሁ ያለፋችኋት ዲግሪ የትኛዋ ናት? ማንንስ ከመንገዱ ታሳስታለች?