ጫት በሐረር፤ ሰው ስለ ምን ይቅማል?

በህንድና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የቢቴልን ቅጠል ከአሬካ ፍሬና ከኖራ ጋር የሚያላምጡ ሕዝቦች ብዙ ናቸው። በሐረር የሚታኘከው ግን ጫት ነው። ስለ ምን ይቅማሉ ቢባል፣ አንዱ «ስለሚያነቃ»፣ ሌላው «ከሥራ ፈትነት የተነሣ» ብሎ ይመልሳል። እኛ ግን ሁለቱም መልሶች ነገሩን ሳይጨርሱት የሚቀሩ ይመስለናል።

የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ ይዞ ጫት ሊተክልበት እንደ ፎከረ ይናገራል፤ ምክንያቱም ሙስሊሞች ይህን ተክል ስለሚወዱ ነው ይላል። ፉከራውን የጻፈልን የጠላቱ ወገን መሆኑ ባይዘነጋም፣ ቅጠሉ ያን ጊዜም የሃይማኖት ምልክት ሆኖ ይታይ እንደ ነበረ እንረዳለን።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ሲሰነብት፣ ዑለማዎች ረፋድ ላይ ተሰብስበው እየጸለዩ ሲቅሙ አይቷል። ቅጠሉ እንቅልፍን ያርቃል፣ አሳብን ያጠራል፣ ምግብንም ይተካል ብለው ያምኑ ነበር። እንግዲህ የሚፈለገው ንቃት ብቻውን አልነበረም፤ ሌሊቱን በዱዓ ለማንጋት የሚበጅ ንቃት ነበረ። ዛሬም በሐረሪዎች ቤት ነደባ ላይ በርጫ ሲያዝ፣ ምርቃትና ወግ ከቅጠሉ አይለዩም። ብቻውን ተደብቆ የሚቅምን ሰው አገሬው በደግ ዐይን አያየውም።

ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በሶፊ ገጠር ያለው ገበሬ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። ኦሮሞዎች የጧቱን ጫት «ኢጃበና» ይሉታል፤ የዐይን መክፈቻ ማለት ነው። ገበሬው ይህን ቀምሶ ወደ ማሳው ይወርዳል። ይህን ሰው ሥራ ፈት ማለት ነገሩን መገልበጥ ነው! የፈተና ሰሞን የሚቅመው ተማሪ ለዑለማው ወይስ ለገበሬው ይቀርባል? ከዑለማው ንቃቱን ወስዶ ጸሎቱን የተወ ይመስለናል።

ጫት ከከተማው ልማድ አልፎ በገጠሩ በሰፊው የተስፋፋው፣ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ ነው። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ የጅቡቲ መንገድ አጠረ። ለዚህ ቅጠል ደግሞ የመንገድ ማጠር ትልቅ ነገር ነው። በ1967 ዓ.ም. ገደማ ሳይንቲስቶች ከጫት ውስጥ ለይተው ያወቁት ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። የአወዳይ ነጋዴዎች ቅጠሉን በእርጥቡ ጠቅልለው የሚጣደፉት ስለዚህ ነው። ኬሚስትሪው ሳይታወቅ አስቀድሞ ገበያው ያውቀው ነበር።

ገንዘቡ ሲበዛ ብዙ የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። ጫት ውኃ ካገኘ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቀነጠባል፤ ቡና ግን ዓመት ያስጠብቃል። በሶፊ ማሳ ለሽያጭ የማይሆነው ቅጠል ለባለቤቱ ኢጃበና ይቀራል፤ ለጋው ወደ ገበያ ይሄዳል።