ከአምስት ዛፍ አንዱ የት ገባ? የክብ መጋዝ ጥርስ ታሪክ

«አስር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይባላል። ምክሩ መልካም ነው፤ ስለ መቁረጫው ግን ዝም ይላል። የክብ መጋዝ ታሪክ ደግሞ በትክክል ተለክቶም በምላጩ የተነሳ ስንት እንጨት እንደባከነ ይናገራል።

አሜሪካኖች ፈልሳፊዋ የሼከር ማኅበረሰብ አባል የሆነችው ታቢታ ባቢት ናት ይላሉ፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1813። ይሁንና እንግሊዛዊው የሳውዝሃምፕተን ሰው ሳሙኤል ሚለር በ1777 ያስመዘገበው የፈጠራ መብት ክብ መጋዝን ይጠቅሳል። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። የማያከራክረው ፍጥነቱ ነው፦ የሚመላለስ መጋዝ ሲመለስ አይቆርጥም፤ ክቡ ግን አያርፍም።

ፍጥነቱ ዋጋ አስከፈለ። ትልቅ ምላጭ እንዳይወላገድ መወፈር አለበት፤ ሲወፍር ደግሞ እንጨት ይበላል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ሩብ ኢንች የሚበላ ምላጭ ባለ አንድ ኢንች ጣውላ ሲያወጣ፣ አንድ አምስተኛው እንጨት ሰጋቱራ ሆኖ ይቀራል። ከአምስት ዛፍ አንዱ ማለት ነው! በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ትልልቅ መሰንጠቂያዎች ወደ ስስ የቀበቶ መጋዝ የዞሩት አንድም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ጥርሱ ነበር። በተሳለ ቁጥር ምላጩ እያነሰ ይሄዳል። የካሊፎርኒያው ናታን ስፖልዲንግ በ1860ዎቹ መጀመሪያ ተነቅሎ የሚተካ ጥርስ ሠራ። ጥርሱ የሚገባበት ማዕዘናማ ቀዳዳ ብረቱን እየሰነጠቀ ሲያስቸግር፣ ቀዳዳውን ክብ በማድረግ ችግሩን ፈታው። በ1920ዎቹ የጀርመኑ ክሩፕ «ቪዲያ» የተባለውን ጠንካራ ቅይጥ ለገበያ አቀረበ፤ ስሙ «እንደ አልማዝ» ማለት ነው። ዛሬ በምላጭ ጥርስ ጫፍ ላይ የሚበየደው የዚሁ ቅይጥ ዘር ነው።

የድሮው ጥያቄ አሁንም በየእንጨት ቤቱ አለ። በቃጫው አቅጣጫ ለመሰንጠቅ ጥቂት ጥርስ ይበቃል፤ ለ10 ኢንች ምላጭ 24 ገደማ። በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ሰጋቱራውን ጠርጎ ያወጣል። ቃጫውን አቋርጦ ለመቁረጥ ወይም ለኮምፔንሳቶ ከ60 እስከ 80 ይመረጣል። ቢገለበጥ አንዱ እንጨቱን ያቃጥላል፣ ሌላው ጠርዙን ይቦጫጭቃል።

ከሁሉ የከፋው የእንጨት ምላጭን ግራይንደር ላይ ማሰር ነው። ምላጩ ላይ የተጻፈው የዙር ልክ ለጌጥ አይደለም፤ ማሽኑ ከዚያ በላይ የሚዞር ከሆነ አይታሰርም። የባከነ ጣውላ ይተካል፤ የተቆረጠ ጣት ግን እንደ ስፖልዲንግ ጥርስ ተነቅሎ አይቀየርም።