የወላጅ ፈቃድና የልጆች ጋብቻ በኢትዮጵያ ልማድና ሕግ

በሰሜኑ የኢትዮጵያ ደጋ በዐማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ጋብቻ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ቤተ ሰቦች ውል እንጂ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልታየም። የወንዱ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ የሴቲቱ አባት ዝምድናውን እስከ ሰባት ቤት አስቈጥሮ ይመረምራል፤ ከዚያም ሁለቱ ወገኖች ለአዲሱ ጎጆ ስለሚሰጡት ከብትና ገንዘብ ይነጋገራሉ። በዚህ ሁሉ የሚጠየቀው የአባት ፈቃድ ነበረ። ልጂቱ ሕፃን መሆንዋ ውሉን አያስቀረውም፤ በአንዳንድ ስፍራ በአማቶችዋ ቤት ታድጋለች፤ ባልየውም ለአካለ መጠን እስክትደርስ ድረስ እንዳይነካት በመሐላ ይያዛል። ዲያቆን ለቅስና የሚበቃው ድንግል አግብቶ ስለ ሆነ፥ የካህናት ቤተ ሰቦች ልጃገረድን በለጋነትዋ የሚያጩበት ተጨማሪ ምክንያት ነበራቸው።

ልማዱ የባላገር ብቻ አልነበረም። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ከተዋጉ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመካከል ገቡ። በ1875 ዓ.ም. የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። የተወለዱት በ1868 ዓ.ም. ነበርና በጋብቻው ጊዜ የ6 ዓመት ሕፃን ነበሩ። ባላቸው በ1880 ዓ.ም. ሲሞቱ፥ በኋላ ንግሥተ ነገሥታት የሆኑት ዘውዲቱ በ12 ዓመታቸው ባልቴት ሆኑ።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 581 ወንድ 18፥ ሴት 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ ከለከለ። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ ወይም እንደራሴያቸው ስለ ከባድ ምክንያት እስከ 2 ዓመት ሊቀንሱ ይችሉ ነበር፤ ይኸውም የ13 ዓመት ልጅ በሕግ የምትዳርበት በር ነበረ። ሕጉ ተጋቢዎቹ ራሳቸው እንዲፈቅዱ ቢያዝም፥ መተጫጨትን ግን የሁለት ቤተ ሰቦች ውል አድርጎ ተቀበለ። ስለዚህ አባት ከጋብቻው ቢወጣም በእጮኝነቱ ውል ውስጥ ቀረ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም ዕድሜውን ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አደረገ፤ ስለ መተጫጨት የነበሩትንም ድንጋጌዎች አላካተተም። በዚህ ሕግ ወላጅ ሊያደርግ የተፈቀደለት ለፍትሕ ሚኒስትሩ ማመልከት ነው፤ ሚኒስትሩም ከ2 ዓመት የበለጠ መቀነስ አይችልም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ከሕግ ውጭ አካለ መጠን ያላደረሰችን ልጅ የሚያገባ፥ ልጂቱ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3፥ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ አዘዘ።

እንግዲህ በሕጉ መጽሐፍ አባት ከተዋዋይነት ወደ አመልካችነት ወረደ። በመንደር ግን ሌላ ሥልጣን ቀረው። የልደት መዝገብ በሌለበት የልጅ ዕድሜ የሚታወቀው በወላጅ ቃል ነውና፥ ፈቃዱን ያጣ አባት በምስክርነቱ ሊያገኘው ይችላል፤ 14 ዓመት የሆናትን 18 ሞልቷታል ለማለት ቃሉ ይበቃል። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ሥራው በ2008 ዓ.ም. መጀመሩ ከጋብቻ ሕግ የራቀ መስሎ ቢታይም፥ ልጂቱን ከአባትዋ ቃል ነፃ የሚያወጣ ማስረጃ የሚገኘው ከዚሁ መዝገብ ነው።