ገመዱ ሲያጥር

አባቴ አስተማሪ ነበር፤ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ የዝናብ መጠን መዝጋቢ። ግቢያችን ጥግ ላይ በአጥር የተከበበ የቆርቆሮ መለኪያ ነበረን። አባቴ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን የተጠራቀመውን ውኃ ይለካና ቅጹ ላይ ይጽፈዋል። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ለለቅሶ ሦስት ቀን ራቅ ወዳለ አገር ሄደና ሥራውን ለእኔ ተወልኝ። «ያላየኸውን እንዳትጽፍ» አለኝ፤ «ካመለጠህ ጭረት አድርግበት።»

ሁለቱን ቀን በደንብ ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን ውኃውን ሳወጣ ዕቃው ከእጄ አመለጠና ሁሉም ሣሩ ላይ ፈሰሰ። ሌሊቱን ደህና ዘንቦ ነበር። ጭረት ማድረጉ አሳፈረኝና «12 ሚሊ ሜትር» ብዬ ጻፍኩ።

ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመት ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ ዝናብ ሳይሆን በረዶ ውስጥ ስለከረመ አንድ የኖርዌይ መርከብ ያነበብኩት ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በአደጋ ነው። በ1881 ዣኔት የምትባል የአሜሪካ መርከብ ከሳይቤሪያ በስተሰሜን ሁለት ዓመት ገደማ በበረዶ ተይዛ ከቆየች በኋላ ተጨፍልቃ ሰጠመች። ከሦስት ዓመት በኋላ የእሷ ቁርጥራጭ ዕቃ ግሪንላንድ ዳርቻ ላይ ተገኘ። ከተገኙት ነገሮች አንዱ የመርከበኛው ስም የተጻፈበት ሱሪ ነበር። ሱሪ ብቻውን ያን ያህል መንገድ አይሄድም። ኖርዌያዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ሄንሪክ ሞን፣ ዕቃውን ያመጣው በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚንሸራተተው በረዶ መሆን አለበት ብሎ ጻፈ።

ይህን ያነበበው ፍሪትዮፍ ናንሰን የሚባል ወጣት ሳይንቲስት ሌላ ሐሳብ መጣለት። በረዶው ሱሪ ከወሰደ መርከብስ ለምን አይወስድም? እስከዚያ ድረስ የዋልታ መርከበኛ ሥራው ከበረዶ ማምለጥ ነበር። ናንሰን ግን ሆን ብሎ ሊያዝ ፈለገ። ታዋቂው አሜሪካዊ የዋልታ ተጓዥ አዶልፈስ ግሪሊ ሳይቀር ሐሳቡን በብርቱ ተቃወመ። አይፈረድባቸውም፤ የዣኔት ሰዎች ብዙዎቹ አልቀው ነበር።

መፍትሔው የመርከቡ ቅርጽ ነበር። ኮሊን አርቸር የሚባል መርከብ ሠሪ ለናንሰን የሠራለት መርከብ በ1892 ባሕር ላይ ዋለ። ስሙም «ፍራም» ተባለ፤ «ወደ ፊት» ማለት ነው። ርዝመቱ 39 ሜትር ገደማ፣ ጎኑ ደግሞ 11 ሜትር ነበር። አጭርና ሰፊ፣ ሆዱ ክብ። በረዶው ከግራና ቀኝ ሲጫነው እንደ እርጥብ ሳሙና ተሾልኮ ወደ ላይ እንዲወጣ ታስቦ ነው የተሠራው። መሪውና ፕሮፔለሩ በረዶ እንዳይሰብራቸው ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። የመኖሪያ ክፍሎቹ ግድግዳ ውስጥ ቡሽና የአጋዘን ጠጉር ተጠቅጥቋል። መርከቡ ላይ በነፋስ የሚዞር መዘውር ተተክሎ ዳይናሞ ያንቀሳቅስ ነበር። ወራት በሚቆየው የዋልታ ጨለማ የኤሌክትሪክ መብራት ነበራቸው ማለት ነው።

የ13 ሰዎቹ መርከብ ፍራም በሰኔ 1893 ከኖርዌይ ዋና ከተማ ተነሣ። በመስከረም ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በረዶው ያዘው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ የመርከቡ ሥራ መንሸራተት፣ የሰዎቹ ሥራ መለካት ሆነ። የአየሩን ሁኔታ ቀንና ሌሊት ቢያንስ በየአራት ሰዓቱ ይመዘግባሉ። ሰማዩ ሲጠራ ከዋክብትን አይተው ያሉበትን ቦታ ያሰላሉ። በረዶውን በስተው የባሕሩን ሙቀት ይለካሉ።

እኔን የያዘኝ ግን የገመዱ ነገር ነው። በዚያ ዘመን የዋልታው ባሕር ጥልቀት የለውም ተብሎ ይታመን ነበር፤ ናንሰንም ያመነው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ለትልቅ ጥልቀት የሚሆን መለኪያ አልያዘም። መጀመሪያ ላይ ግምቱ ልክ መሰለ፤ ወለሉ ቅርብ ነበር። ወደ ሰሜን ሲገፉ ግን ያላቸው ገመድ ሁሉ ወርዶ አለቀ፤ ወለል የለም።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሰዎቹ ከዓለም ተነጥለዋል፣ የሚቆጣጠራቸው የለም። «በጣም ጥልቅ ነው» ብለው ቢያልፉ ማን ይጠይቃቸዋል? እነሱ ግን ከመርከቡ የብረት ገመዶች አንዱን ፈቱት። ክሮቹን ለያይተው፣ በረዶው ላይ ዘርግተው፣ አቅጥነው እንደገና ገመዱት። ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ገመድ ወጣው። እሱን አውርዶ መልሶ ለመሳብ ሰዓታት ይፈጅ ነበር። ውጤቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆነ። ጥልቀት የለውም የተባለው ባሕር ውቅያኖስ ሆኖ ተገኘ።

ሌላም አለ። ከላይ ካለው ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ከአትላንቲክ የሚመጣ ሞቅ ያለ የውኃ ንጣፍ አገኙ። በረዶው ደግሞ ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ በቀጥታ እንደማይሄድ፣ ይልቁንም ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብል ናንሰን መዘገበ። ምክንያቱ የምድር መዞር እንደሆነ ገመተ፤ ስዊድናዊው ቫግን ኤክማን በሒሳብ አስረዳው። የኤክማን ጽሑፍ በ1905 ወጣ፤ ዛሬም የውቅያኖስ ሳይንስ ተማሪ ሁሉ ይማረዋል። ናንሰን ከአንድ ጓደኛው ጋር ወደ ዋልታው ለመድረስ ሞክሮ ሳይሳካለት ቢቀርም፣ በ1896 13ቱም በሕይወት አገራቸው ገቡ።

አሁን 123 ዓመት እንዝለል። በመስከረም 2019 «ፖላርሽተርን» የሚባል የጀርመን መርከብ የናንሰንን ሐሳብ ሊደግም ከኖርዌይ ከተማ ትሮምሶ ተነሣ። በ1982 ሥራ የጀመረው ይህ መርከብ 118 ሜትር ይረዝማል፤ ብሬመርሃቨን የሚገኘው የአልፍሬድ ቬግነር ተቋም ነው የሚያሠራው። አራት ሞተሮቹ 20,000 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላቸው፤ 1.5 ሜትር ውፍረት ያለውን በረዶ ሳይቆም እየሰበረ ይሄዳል። ላይኛው ወለል ላይ ሄሊኮፕተሮች፣ ውስጡ ላቦራቶሪዎች፣ ጎኑ ላይ ከባድ መሣሪያ ባሕር ውስጥ የሚያወርዱ ዊንቾች አሉት። የባሕሩን ጥልቀት የሚለካው በድምፅ ነው። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 4,000 ሜትር ወርዶ ለመመለስ ከአምስት ሰከንድ ትንሽ ይበልጠዋል። የፍራም ሰዎች ሰዓታት የደከሙበት ሥራ!

ይህ ሁሉ ጉልበት እያለው ፖላርሽተርን ከአንድ ተንሳፋፊ በረዶ ጋር ራሱን አስሮ እንደ ፍራም ለመንሸራተት ወሰነ። ሞዛይክ የተባለው ይህ ዘመቻ 20 አገሮች የተሳተፉበት ነው። በረዶው ላይ የአየር መለኪያ ምሰሶዎች ተተከሉ፣ የባሕሩን ውኃ የሚቀዱበት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሰዎች እየተፈራረቁ ድብ ይጠብቁ ነበር። በረዶው በየጊዜው ሲሰነጠቅ ኬብሎቹን እየነቀሉ እንደገና ይተክላሉ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ጉዞ ተዘጋ፣ ተተኪዎቹ ሳይንቲስቶች መድረስ አልቻሉም። በግንቦት 2020 ፖላርሽተርን በረዶውን ትቶ፣ ሰውና ስንቅ ይዘው የመጡ ሁለት የጀርመን መርከቦችን ሊገናኝ ስፒትስበርገን ድረስ ሄደ። ለአንድ ወር ያህል በረዶው ላይ ሰው አልነበረም። በራሳቸው የሚሠሩ አንዳንድ መሣሪያዎች መመዝገብ ቢቀጥሉም የሰው እጅ የሚፈልገው ልኬት ተቋረጠ። ያውም በረዶው መቅለጥ በሚጀምርበት፣ እጅግ በሚፈለግበት ወቅት።

ያንን ወር ማንም ከጎንና ጎኑ ገምቶ «ተለክቷል» አላለም። መርከቡ ሲመለስ ሥራው ካቆመበት ቀጠለ፤ ያመለጠው እንዳመለጠ ተቀመጠ። በሐምሌ መጨረሻ በረዶው ተሰባበረ፤ የተሰባበረበት የባሕር መተላለፊያ ስሙ ፍራም ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ «ድሮ እንዴት እንደነበር በምን ታወቀ?» የሚል ጥያቄ ሁሌ አይጠፋም። መልሱ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። አንድ ሰው በጨለማ ተነሥቶ፣ ቴርሞሜትር አይቶ ያየውን ስለጻፈ ነው። ገመድ ሲያጥረው ሌላ ስለገመደ ነው። ያላየውን ደግሞ ባዶ ስለተወው ነው። ባዶውን ቦታ ሳይ የተሞላውን አምናለሁ።

አባቴ ከለቅሶው ሲመለስ ቅጹን ዓይቶ «12? ደህና ዘንቧል ማለት ነው» አለ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። በወሩ መጨረሻ ቅጹን በፖስታ ላከው። ዛሬ ምናልባት የሆነ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ከአባቴ እውነተኛ ቁጥሮች ጋር ተደምሮ ይሆናል። ከእነሱ የሚለይበት ምንም ምልክት የለውም።