የእድሩ መዝገብ የት ገባ?

እንግሊዞች የሚያስቀና ነገር አላቸው። አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤትና ጥቂት ቤቶች ብቻ ያሏት የገጠር መንደር ብትሄዱ እንኳ ታሪኳን የሚነግራችሁ አይጠፋም። በእነሱ አቆጣጠር በ1086 ንጉሥ ዊልያም ግብሩን ለማወቅ ብሎ መንደሩን አስቆጠረ፤ ስንት ማረሻ፣ ስንት ወፍጮ፣ ስንት ገበሬ እያሰኘ። መዝገቡ «ዱምዝዴይ» ይባላል። ያኔ ቆጣሪ ሲመጣ ሕዝቡ ሳይረግም አልቀረም፤ ዛሬ ግን የልጅ ልጆቹ «የእኛ መንደር እኮ መዝገቡ ላይ አለች» ብለው ይኮራሉ።

እኛስ? እስቲ ወደ አራዳ እንውረድ።

«ሰፈር» የሚለው ቃላችን ራሱ ታሪክ ነው። ሰፈረ ማለት መንገድ ላይ ያለ ጦር ድንኳን ተክሎ አረፈ ማለት ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም በመጀመሪያ ከከተማ ይልቅ የጦር ሰፈር ትመስል ነበር። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየኮረብታው ሰፈሩ፣ ጭፍራው ጌታውን ከቦ ሰፈረ፣ ባለእጁም የራሱን ቦታ ያዘ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ድንኳኑ ጎጆ፣ ጎጆው ቆርቆሮ ቤት ሆነ፤ ስሙ ግን ድንኳን እንደተከለ ቀረ።

አራዳ ያን ጊዜ ገበያ ነው፤ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ፣ ጊዮርጊስ ደጃፍ። እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ በቅሎው በማርትሬዛ ብርና በአሞሌ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ ሱቁን ዙሪያውን ከፈተ። እቴጌ ጣይቱም ሆቴላቸውን እዚያው አቅራቢያ አቋቋሙ። በዚህ ግርግር ያደገ ሰው መቼም በዋዛ አይሸወድምና «አራዳ» የቦታ ስም መሆኑ ሳያንስ የሰው ጠባይ ስምም ሆነ። የገበያውን ስም ለብልህ ሰው መጠሪያ ያደረገ ከተማ ስንት አለ?

ከዚያ ጣልያን መጣ። የሐበሻውን ገበያ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ገፍቶ አራዳን ለራሱ «ፒያሳ» አደረገው። ጊዮርጊስ ፊት የቆመውን የምኒልክ ሐውልትም ነቀለ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ሐውልቱም ተመለሰ፤ ገበያው ግን በዚያው ቀረ። የጠላት ቃል የነበረው ፒያሳም የእኛው ሆኖ አረፈው።

ይህ ሁሉ የንጉሥና የወራሪ ታሪክ ስለሆነ ተጽፏል። የድሃውስ? የድሃው ታሪክ ያለው በስም ውስጥ ነው። እሪ በከንቱ፦ ብትጮህ የሚደርስልህ የለም ማለት ነው። አንድ ስም ብቻውን የሌሊቱን ጨለማ፣ የወንበዴውን ብዛት፣ የዘበኛውን መጥፋት ይነግረናል። ዶሮ ማነቂያ ሲባል ገበያውና ማጀቱ ይሸታል። ደጃች ውቤ ሰፈር መጠጥና ዘፈን ሲበዛበት ውቤ በረሃ ተባለ። እነዚህን ስሞች ማዘጋጃ ቤት አላወጣቸውም፤ ነዋሪው ነው ያወጣቸው።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ፤ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። ቤቱ ጠባብ ነበር፣ ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ መጸዳጃው የጋራ ነበር። ይህን መካድ ድህነትን ማሞገስ ነው። ይሁን እንጂ ስም ነዋሪውን ተከትሎ አይሄድም። አዲሱ ሰፈር ብሎክና የቤት ቁጥር አለው። አባት «ዶሮ ማነቂያ ነው ያደግሁት» ሲል ልጁ ይስቃል፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ቃሉንም አይሰማውም።

ታዲያ እኛ ዱምዝዴይ የለንም ማለት ነው? አለን እንጂ፤ የእድር መዝገብ። ማን አባል ሆነ፣ ስንት አዋጣ፣ የማን እናት መቼ አረፈች፣ ስንት ድንኳን፣ ስንት ወንበር፣ ስንት ብረት ድስት ተገዛ። ንጉሥ ሳያዝዘው፣ ግብር ሳይጣልበት ድሃው ራሱን የመዘገበበት ደብተር ነው። ሰው ሲበተን እድሩ ይፈርሳል፤ ደብተሩም የአንድ ሰው አልጋ ሥር ይገባል፣ ሲብስም የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል።

የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች ሆይ፣ ድስቱንና ድንኳኑን ስትካፈሉ መዝገቡን አትርሱ። ወመዘክር አድርሱት። የሰፈሩ ልጆች ነገ ሲጠይቁ «እኛም መዝገቡ ላይ አለን» የሚሉበት ይኑራቸው።