የስኳር መለኪያው ከየት መጣ?



ረመዳን ሲቃረብ ስኳር ያለባቸው አባቶችና እናቶች «መጾም እችላለሁ ወይ?» ይሉናል። እኛም ሐኪም እንዲያማክሩና በጾም ሰዓትም እንዲለኩ እንነግራቸዋለን። ጣትን ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ተናግረዋል። ግን ይህች በእጅ የምትያዝ መሣሪያ ከየት መጣች?

ድሮ የሚመረመረው ሽንት ነበር። በሽንት ውስጥ ስኳር የሚታየው ደም ውስጥ በጣም ሲበዛ ብቻ ነው፤ መውረዱን ግን ጭራሽ አያሳይም። ጾመኛን በድንገት የሚጥለው ደግሞ መውረዱ ነው።

አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ በደም ውስጥ ያለን ኦክስጅን በኤሌክትሪክ የሚለካ ኤሌክትሮድ ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ከባልደረባው ሊየንስ ጋር አንድ ነገር ጨመረበት፦ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም። ይህ ኢንዛይም ከሻጋታ ይገኛል። ከብዙ ነገር መሐል ስኳሩን ለይቶ ይይዛል፣ ሲሠራም ኦክስጅን ይበላል። ስኳሩ በበዛ ቁጥር ኦክስጅኑ ይቀንሳል፤ ኤሌክትሮዱ ቅናሹን ያነባል። ሻጋታ ለዚህ ይጠቅማል ብሎ ማን ያስባል!

በ1975 በዚህ መንገድ የሚሠራ መሣሪያ ለገበያ ወጣ፤ ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የላቦራቶሪ ዕቃ ነበር። በቀለም ለውጥ የሚለካ ሌላ መሣሪያም ነበር፤ እሱም ለሐኪም እንጂ ለታማሚ አይሸጥም። ስኳር የነበረበት ኢንጂነር ሪቻርድ በርንስታይን ያገኘው ሚስቱ ሐኪም ስለነበረች በእሷ ስም ገዝቶ ነው። የገዛ ደሙን ለመለካት!

የኤሌክትሮዱ ትልቁ እንቅፋት ራሱ ኦክስጅኑ ነበር። መጠኑ ከሰው ሰው፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ከፍታ ላይ እንደሚያንስ የደጋ ሰው ያውቀዋል። ኦክስጅኑ ሲለዋወጥ ውጤቱም ይዛባል። በ1984 የእንግሊዞቹ ክራንፊልድና ኦክስፎርድ ተመራማሪዎች መፍትሔ አሳተሙ፦ ፌሮሲን የተባለ ብረት ያለበት ውህድ ኦክስጅኑን ተክቶ ኤሌክትሮኑን ከኢንዛይሙ ወደ ኤሌክትሮዱ ያደርሳል። በ1987 ኤግዛክቴክ የተባለ እስክሪብቶ የሚያክል መለኪያ ወጣ። አንድ ጠብታ ደም፣ 30 ሰከንድ፣ ቁጥር። ታማሚው ቤቱ ሆኖ ራሱን መለካት ቀለለው።

ኢንዛይሙ ያለው በመሣሪያው ውስጥ ሳይሆን በእያንዳንዱ ስትሪፕ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ስትሪፑ ደጋግሞ የሚገዛው። እርጥበትና ሙቀት ያበላሹታል። እናታችሁ ቤት መለኪያ ካለ የስትሪፑ ዕቃ ክዳን በደንብ መዘጋቱን፣ ጊዜውም አለማለፉን እዩላቸው።