በሌሊት የመጣው ተማሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በኒቆዲሞስ ስም እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። ኒቆዲሞስ የአይሁድ መምህር ሲሆን ለመማር የመጣው በሌሊት ነበር። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ መምህር ሆኖ ሳለ ሲማር መታየትን ማፈሩ ነው። ያ እፍረት ዛሬም በብዙ ጎልማሶች ልብ አለ። አገራችን ለጎልማሶች የከፈተቻቸውን ልዩ ልዩ የትምህርት ቤት ዓይነቶች ስንመለከት ይህን እናስብ።

ከደጃችን ከልደታ እንጀምር። የመጀመሪያው ዓይነት የሙያ ትምህርት ቤት ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ ኢትዮጵያ የእጅ ባለሙያና የቢሮ ሠራተኛ በእጅጉ ያስፈልጓት ነበርና በ1934 ዓ.ም. ተግባረ እድ፣ በ1935 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈቱ። ሁለቱንም በሜክሲኮና በሠንጋ ተራ አካባቢ ታገኟቸዋላችሁ። እነዚህ ተቋማት ከጊዜ በኋላ በማታ መርሐ ግብር ሠራተኛውንም ተቀብለዋል። በዛሬው የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ደግሞ ሙያውን በጋራዥ ወይም ከአባቱ የተማረ ሰው የብቃት ምዘና ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል።

ሁለተኛው የማታ ትምህርት ቤት ነው። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተመሠረተው «ብርሃንህ ዛሬ ነው» ቀን ሲሠራ የዋለውን ሰው ማታ ያስተምር ነበር። ስሙ ራሱ ለዘገየ ተማሪ መልስ ነው፤ ብርሃንህ ትናንት አላመለጠህም ይለዋል።

ሦስተኛው ዓይነት ትምህርትን ወደ ተማሪው ቤት ይወስዳል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ በ1980 እ.ኤ.አ.ም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ሆኖም በዚያው ክረምት ያው መንግሥት ፓትርያርካችንን አቡነ ቴዎፍሎስን በግፍ ገደላቸው። ሁለቱንም ሳንሸሽግ ልንናገር ይገባል። ግፉ ግፍ ነው፤ ያን ጊዜ ፊደል የቆጠረች እናት ዛሬ ዳዊት የምትደግመው ግን በዚያው ፊደል ነው። የሚነበብ ነገር ያላገኙት ብዙዎች ደግሞ የተማሩትን መልሰው ረሱት።

አራተኛው የቤተ ክርስቲያን ማሠልጠኛ ነው። በዚያው በመከራ ዘመን ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ካህናትን ሰብስበው እንደገና ያስተምሩ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በክረምት ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ክህነት ከተቀበሉ በኋላ ደብተር መያዝ አላሳፈራቸውም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናትና ለወጣቶች ክፍል አለው። የሃምሳ ዓመት እናታችን ፊደል ልትቆጥር ብትመጣ ግን የት እናስቀምጣታለን? ከሕፃናት ጋር ብናስቀምጣት ነገ አትመለስም። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ከሥራ መልስ የሚመች አንድ ሰዓት፣ ለብቻው የሆነ ክፍል፣ ከፊደሉ በኋላ የሚነበብ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም፣ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» የማይል መምህር። ዩኒቨርሲቲ ገብተን የምንማር ሁላችን ይህን ልንሠራ እንችላለን።

ጌታችን ኒቆዲሞስን ስለ ምን በሌሊት መጣህ ብሎ አልመለሰውም፤ አስተማረው። ኋላም በዕለተ ዓርብ ሥጋውን ለመገነዝ በግልጽ የቆመው ያ የሌሊት ተማሪ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር